ድንበር ላይ የተሰጠ ምስክርነት

ጋሽ ምትኩ ባረፉ በማግስቱ ካልጋሪ፣ ካስልሪጅ ሰፈር ያለው ቤታቸው ውስጥ የተሰበሰበው ሰው የተከራከረው ስለ ቀብር አልነበረም። የቀብሩን ነገር ቤተ ክርስቲያናቸው ጨርሶታል። ክርክሩ ሲያትል ላሉት እህታቸው መርዶውን ማን ይንገር የሚል ነበር። አንዱ በስልክ ይነገራቸው ሲል ሌላው «እንዴት ተደርጎ! አሮጊት ሴት ብቻዋን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ መርዶ ትስማ?» ብሎ ተቆጣ። ነገሩን የቆረጠው የእህታቸው ልጅ ሳሚ ነው። ከሲያትል ደውሎ «ሀያት ትምጣ። እማዬ እሷን ትወዳታለች» አለ።

ሀያት እኔ ነኝ። ዘመዳቸው አይደለሁም፤ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሰው አይደለሁም፤ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ሙስሊም ነኝ። ከጋሽ ምትኩ ጋር ያገናኘን ዊልቸር ነው። ካልጋሪ አየር ማረፊያ ውስጥ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በዊልቸር እየገፋን እስከ አውሮፕላኑ በር የምናደርስ ሠራተኞች ነበርን። እኔ የምኖረው ስካይቪው ራንች የሚባል ሌላ ሰፈር ነው። መንገዳቸው ባይሆንም ሺፍታችን በገጠመ ቁጥር መጥተው ይወስዱኛል። ክላክስ አያደርጉም። ደጃችን ላይ ፓርክ አድርገው፣ እጃቸውን መሪው ላይ አጣጥፈው፣ መዝሙራቸውን በአፍንጫቸው እያዜሙ ይጠብቃሉ። «ጋሼ፣ ምናለ ኮል ቢያደርጉልኝ?» ስላቸው «ትንሽ ተኚ ብዬ ነዋ» ይሉኛል። በዚያ ብርድ!

ረጅም ሰው ነበሩ። ዊልቸር ሲገፉ ስለሚያጎነብሱ፣ ሳይገፉም ጎንበስ ብለው መሄድ ለምዶባቸዋል። እንግሊዝኛቸው ብዙም አልነበረም፤ ግን አያፍሩበትም። ነጭ አሮጊት ይሁኑ የፑንጃብ ሽማግሌ፣ ለሁሉም ጎንበስ ብለው በአማርኛ «እንሂድ እናቴ»፣ «እንሂድ አባቴ» ይላሉ። ፈረንጆቹ ምን እንደተባሉ ባያውቁም «ኦኬ» ይሏቸዋል። አንዷማ «ያ እናቴ የሚለኝ ሰውዬ የለም?» ብላ ጠይቃኛለች፤ «እናቴ» የሚለውን በአማርኛ ነው የጠራችው።

አንድ ነገር ግን ከሱፐርቫይዘራችን ጋር ሁልጊዜ ያጨቃጭቃቸው ነበር። ሁላችንም መንገደኛውን ፊቱን ወደ ፊት አድርገን እየገፋን ወደ ፍተሻ እናስገባለን። ጋሽ ምትኩ በሩ ላይ ሲደርሱ ዊልቸሩን ያዞሩና ወደ ኋላ እየጎተቱ ያስገባሉ። ሱፐርቫይዘሩ «ይሄ ሴፍ አይደለም» ይላቸዋል፤ «እሺ ጌታዬ» ይላሉ፤ ነገም ያንኑ ያደርጋሉ። ምክንያቱን የነገሩኝ አንድ ቀን መኪና ውስጥ ነው።

«ወደ ፊት ብገፋት ምን ታያለች? ግድግዳ። ልጆቿ እኮ ከኋላ ቆመው እጃቸውን እያወዛወዙ ነው። የሚለያይ ሰው እስኪሰወር ድረስ መተያየት አለበት፣ ሀዩ።»

ይህን ሲሉ የሚያስቡት ስለ ማን እንደሆነ አውቅ ነበር። እትዬ የሺ የሚሏቸው ታላቅ እህት አሏቸው። እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ዲላ ላይ ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። እትዬ የሺ በስተርጅና ሲያትል ልጃቸው ጋ ሄደው ጥገኝነት ጠይቀው ነበር። ጉዳዩ ገና ስላልተወሰነ ከአሜሪካ ቢወጡ መመለሻ አይኖራቸውም። በዚያ ላይ እግራቸውን ሪህ አስሮት በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሱት። ስለዚህ መሄድ ያለባቸው ጋሽ ምትኩ ነበሩ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ጠይቀው ተከልክለዋል። ሚስታቸው አገር ቤት ነው የሞቱት፤ ልጅ አልወለዱም። በዚህ ዓለም ላይ የቀረቻቸው እህታቸው ብቻ ስለነበረች የካናዳ ፓስፖርታቸውን ሰው ልጁን እንደሚጠብቅ ነው የጠበቁት። የሰው እናት ሲገፉ የሚውሉት እኚህ ሰው የእህታቸውን ዊልቸር አንድ ቀን እንኳ ገፍተው አያውቁም።

አሁን ስለ ምስክርነታቸው ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባም። ጴንጤዎች ጌታ ያደረገላቸውን በጉባኤ ፊት ቆመው ይናገራሉ፤ ይህንን ምስክርነት ይሉታል። የጋሽ ምትኩን ምስክርነት የማያውቅ የካልጋሪ ሀበሻ የለም። እኔ ሙስሊሟ እንኳ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ከቤቴ እስከ አየር ማረፊያው ድረስ ስንቴ ሰምቼዋለሁ!

«ወጣት ሆኜ ከዲላ ሞያሌ የሚመላለስ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ» ብለው ይጀምራሉ። «ሾፌሩ ያጨሳል፤ እኔም ጀመርኩ። ሲጋራ እንዳይመስልሽ፤ ሀሺሹን ነው። መብላት ተውኩ፣ መሥራት ተውኩ። አንድ ቀን እትዬ ሱሪዬን ልታጥብ ኪሴን ስትፈትሽ ጥቅሉን አገኘችው። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም። ራት ስታቀርብልኝ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችውና ‹መጀመሪያ ብላ፤ ከዚያ አብረን እንጸልያለን› አለችኝ። ሀዩ፣ ያን ቀን እያለቀሰች ነው ያጎረሰችኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ አልነካሁትም። ጌታ በእህቴ እጅ ከጭስ አወጣኝ!»

እዚህ ጋ ሲደርሱ መሪውን በመዳፋቸው መታ ያደርጋሉ። እኔም «ጋሼ፣ መንገዱን ይዩ» እላለሁ። አስቂኝ ቢመስልም ካልጋሪ ላይ ይህን ሰምተው ማጨስ የተዉ ልጆች አሉ። እዚህ አገር ነገሩ በሕግ ከተፈቀደ ቆይቷል፤ እንደ ዳቦ በየሱቁ ይሸጣል። ወላጆች ልጃቸው ሲያስቸግራቸው ይዘውት የሚመጡት ጋሽ ምትኩ ጋ ነበር። እሳቸውም አይቆጡም፤ ያንኑ ታሪክ ይነግሩታል፤ አብረውት ይበላሉ።

ፓስፖርታቸው በመጣ በሳምንቱ ለሲያትል ትኬት ቆረጡ። የሚሄዱበት ቀን እኔ ሺፍት ላይ ነበርኩ። ካልጋሪ ላይ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው የአሜሪካን ድንበር የሚሻገረው እዚሁ አየር ማረፊያው ውስጥ ነው፤ የአሜሪካ መኮንኖች እንደ ኪዮስክ ባለች ዳሳቸው ውስጥ ተቀምጠው ጠይቀው ያሳልፉታል። እኛ በየቀኑ መንገደኛ ይዘን ስለምንመላለስ በመልክ ያውቁናል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ በር ሁልጊዜ የምፈራው እኔ ነበርኩ፤ የተሸፈነችው እኔ ነኛ! ጋሽ ምትኩ ግን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ለእህታቸው ዊልቸር የገዙትን ወፍራም ትራስ ብብታቸው ስር ሸጉጠው፣ ወደ ዳሱ ፈገግ እያሉ ሄዱ። እኔ አንዲት አሮጊት ይዤ በሚቀጥለው ሰልፍ ላይ ነበርኩ።

መኮንኑ ወጣት ነው። ለሁሉም የሚጠይቀውን ጠየቃቸው። ምግብ ይዘዋል? አልኮል? ካናቢስ? ሀሺሹን ማለቱ ነው።

«አይ» ብለው መተው ይችሉ ነበር። ሁላችንም የምንለው እሱን ነው። ጋሽ ምትኩ ግን ሳቁ። «ኖ፣ ኖ! ጌታ ከዚያ ነገር ድሮ ነጻ አውጥቶኛል!» አሉት በዚያች እንግሊዝኛቸው። ልጁ ቀና አለ። «እና ከዚያ በፊት ትጠቀም ነበር?» አላቸው። የሳቸው ፊት ሲበራ አየሁት። ለሳቸው ጥያቄው ጥያቄ አልነበረም፤ ግብዣ ነው። አንድ ነፍስ ሊሰማቸው ፈልጓል። «የስ! ቬሪ መች!» ብለው ስለ ሞያሌው መንገድ፣ ስለ ሱሪው፣ ስለ ሳህኑ ተናገሩ። እኔ ከወዲያ ሆኜ በዓይኔ ብጠቅሳቸው፣ ባስል፣ ማን ሊያየኝ!

ልጁ ዳሱን ዘግቶ ከኋላ ወዳለው ክፍል ወሰዳቸው።

ቆይተው መኮንኖቹ አስተርጓሚ ፈለጉና እኔን ጠሩኝ። ክፍሉ ውስጥ የመኮንኖቹ አለቃ ተቀምጣለች፤ መነጽር ያደረገች፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት። ጋሽ ምትኩ ትራሱን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አለቃዋ ነገሩን ለኔ አስረዳችኝ። ያጨሱት በማንኛውም አገር፣ በማንኛውም ዘመን ይሁን፣ ማጨሳቸውን ካመኑ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መግባት አይችሉም።

«ሲያትል እኮ በየመንገዱ ይሸጣል» አልኳት።

«እሱን የፈቀደው ስቴቱ ነው። ድንበሩ የፌዴራል ነው» አለችኝ። አላፌዘችብኝም። ቀጥላ መነጽሯን አወለቀችና ቀስ ብላ፣ «በደንብ ጠይቂው። ወጣት ነበር። ምናልባት የሰጡት ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር?» አለችኝ።

በር መክፈቷ ነበር። ገብቶኛል። ወደ ጋሽ ምትኩ ዞሬ ያለችውን ነገርኳቸውና ከራሴ ጨመርኩበት። «ጋሼ፣ ሴትዮዋ እየረዳችዎት ነው። አላውቅም ነበር ይበሉ። አንዲት ቃል ናት፤ ዛሬውኑ እትዬ የሺ ጋ ይደርሳሉ።»

ትራሱን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ደግ ሴት ናት፤ እግዜር ይስጥልኝ በያት» አሉኝ። «ግን ሀዩ፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ካጨስኩ እትዬ ያለቀሰችው ለምኑ ነው? ጌታስ ከምን አወጣኝ? እነዚያ ልጆች እኔን አምነው ነው የተዉት። እህቴን ለማየት ብዬ ውሸቴን ነበር ልበላቸው?»

«ማን ይነግራቸዋል ጋሼ? አላህን ይፍሩ!»

«እሱን እየፈራሁ ነዋ።»

ምን እንደሆነ እያወቁ እንዳጨሱት ነገርኳት። መነጽሯን መልሳ አደረገችና ጻፈች። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እሳቸው የወለዱት ስለሌለ የጠፋችባቸው እህታቸው ሆነች።

ከዚያን ቀን ወዲያ አሜሪካኖቹ በበሩ እንዲያልፉ አልፈቀዱላቸውም። መንገደኞቻቸውን እስከ በሩ ያደርሱና ለኔ ወይም ለሌላ ያስረክባሉ። በሥራቸው ላይ አንድም ቃል አላጉረመረሙም። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ግን «ሽማግሌ ሆነው ጥበብ የላቸውም» ያሉ ነበሩ፤ አንዳንዶቹማ «ልጆቻችን እንደርስዎ መስክረው ከአሜሪካ እንዳይቀሩ» ብለው ምስክርነቱን እንዲተዉት መከሯቸው። መኪና ውስጥም ታሪኩን መናገር አቆሙ። እንደዚያ ይናፍቀኛል ብዬ አላስብም ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እስኪ የሞያሌውን ይንገሩኝ» ብላቸው፣ «ታውቂው የለ» ብለው ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተከሉ።

እህታቸው ጋ ሁልጊዜ እሑድ ይደውላሉ። የእትዬ የሺ የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ፈቀዱልህ?» ይህን ሰምቼ ነው ባለቤቴን ጀማልን ውሰደን ብዬ የለመንኩት። ቫንኩቨር አጠገብ የካናዳና የአሜሪካ መንገዶች ጎን ለጎን የሚሄዱበት ቦታ እንዳለ ሰው ነግሮኝ ነበር። አጥር የለውም፤ መሀላቸው ያለው ሳር የበቀለበት ጎድጓዳ ቦይ ብቻ ነው። በበጋ፣ ጀማል እየነዳ፣ ተራራውን አቋርጠን ወሰድናቸው። ሳሚም እናቱን ከሲያትል ይዞ መጣ።

መጀመሪያ የተነጋገሩትን አልሰማሁም፤ ልስማም አልፈለግኩም። ሁለቱም አርጅተዋል፤ እህት ማዶ፣ ወንድም ወዲህ፣ በመካከላቸው ዘልለው የሚሻገሩት ቦይ። የካናዳ ፖሊስ መኪና መጥቶ ቆመና «ማውራት ይቻላል፤ መሻገር ግን አይቻልም» አለን። ጋሽ ምትኩ ባርኔጣቸውን አውልቀው አመሰገኑት። ከዚያ በኋላ ከቦዩ ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ፤ በስህተት እንኳ እንዳይሻገሩ። ትራሱን ወረወሩት፤ ሳሚ ቀለበው።

እትዬ የሺ ትራሱ ላይ ሲመቻቹ ከቦርሳቸው ትንሽ ብልቃጥ አወጡና ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። ያኔ ነው ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት።

«ምትኬ፣ ይሄ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«የሪህ መድኃኒት ነዋ።»

«አንተን ያስጣልኩህ ጉድ ነው! ቅባት አድርገውት መጡ። ሀኪሙ ነው ያዘዘልኝ፤ ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። ሳሚ ግን ‹ለጠበቃው አትንገሪ› ይለኛል። ከተማው ይፈቅዳል፣ መንግሥት ይከለክላል፤ ማንን እንደምሰማ ግራ ገባኝ!»

ጋሽ ምትኩ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ሆዳቸውን ይዘው ሳር ላይ ተቀመጡ። እህታቸውም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ሁለቱም ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። እትዬ የሺ ቆየት ብለው፣ «አላጨስኩም ብትላቸው ምን ነበረበት?» አሉ።

«አንቺ ያደረግሽልኝን ልካድ?»

እትዬ የሺ ጉልበታቸውን ማሸታቸውን ቀጠሉ።

መሄጃ ሰዓት ሲደርስ ሳሚ ዊልቸሩን አዙሮ እናቱን ወደ መኪናው መግፋት ጀመረ። ጀርባቸው ብቻ ነበር የሚታየን። ጋሽ ምትኩ ከተቀመጡበት ብድግ አሉና ጮኹ።

«ሳሚ! አዙራት! ወደ ኋላ ጎትታት፣ ወደ ኋላ! ቀስ፣ ቁልቁለት ነው፣ በክርንህ ደግፍ!»

ሳሚ አዞራቸው። እትዬ የሺ ወንድማቸውን እያዩ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ወደ ኋላ ሄዱ፣ መኪናው ጋ ደረሱ። ጋሽ ምትኩ በጎትት ምልክት እጃቸውን እያወዛወዙ ሳሚን ከሩቅ ይመሩት ነበር።

ከዚያ ጉዞ በኋላ የፈቃድ ማመልከቻ አስገቡ። እንዲህ የተከለከለ ሰው ይቅር ተብሎ እንዲገባ የሚጠየቅበት መንገድ አለ፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይሆንም አይባልም። ተስፋ ሰጧቸው። እትዬ የሺም ሰሙ፤ እሑድ እሑድ የሚደወለው ስልክ «ፈቀዱልህ?» እያለ ቀጠለ። ጋሽ ምትኩ «ደርሷል፣ ደርሷል» ይላሉ። እንዲህ እንደተባባሉ አንድ ጠዋት መኪናቸው ደጃችን አልመጣችም። ኮል አደረግኩ፤ አያነሱም። ልባቸው ነው ተባለ። በተኙበት ነው ያረፉት።

ለመርዶው የሄድኩ ቀን በዚያ በር ያለፍኩት እንደ መንገደኛ ነው። ሌላ መኮንን ነበር፤ ወጣት። ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። «አንዲት ሴት ወንድሟ እንደሞተ ልነግራት» አልኩት። ፊቱን ቀና አድርጎ አየኝና አዘነልኝ። ካናቢስ ይዘሻል ወይ አለኝ፤ አይ አልኩ። አለፍኩ። በቃ፣ ይኸው ነው፤ እሳቸው አሥር ጊዜ የሞቱለትን በር እኔ ቁጭ ብድግ ሳልል አለፍኩት። የዚያን ቀን ያንን በር ጠላሁት፤ በጋሽ ምትኩ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ተናደድኩባቸው። ናፍቆት እንዲህም አድርጎ ይመጣል።

ሲያትል ያደርኩት የሳሚ ወዳጆች ቤት ነው። ጠዋት፣ እትዬ የሺ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄድን። እንደ ወጉ አብረን መግባት ነበረብን፤ ግን ሳሚ «እማዬ እንዳትደነግጥ፣ አንቺ ቅደሚ» አለኝ። ሽማግሌዎቹ ኮሪደሩ ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ ቀሩ። ሳሚ በሩን ከፈተልኝ።

እትዬ የሺ መስኮቱ አጠገብ በዊልቸራቸው ተቀምጠው ነበር። ድንገት ሲያዩኝ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከየት እንደመጣሁ፣ ለምን እንደመጣሁ አልጠየቁኝም። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አሳስቶኝ፣ ሳላስበው መልሼ ፈገግ አልኩላቸው። ኮሪደሩ ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እግሩን አነቃነቀ። እትዬ የሺ ኮቴውን ሰሙ። አንገታቸውን አስግገው በትከሻዬ በኩል ወደ በሩ አዩ።

«ፈቀዱለት!» አሉ። «ሳሚ፣ ነጠላዬን! ቶሎ በል፣ እንዲህ ሆኜ አያየኝም!» ሳሚ ከቆመበት አልተነቃነቀም። እትዬ የሺ የዊልቸሩን ጎማ በራሳቸው እጅ እየገፉ ወደ በሩ መጡ። እኔ መንገዱን ዘግቼ ቆሜ ነበር። በአንድ እጃቸው ቀስ አድርገው ገለል አደረጉኝና ወደ ኮሪደሩ ተጣሩ።

«ምትኬ! ግባ እንጂ አንተ፣ ምን በር ላይ ያስቆምሃል?»